ከዲሽ ወደ ዳታ፦ ቴሌቪዥንን በሰዓቱ ማየት ሲቀር ወጪው ወደ ማን ዞረ?

ድራማው ማታ 2፡30 ይተላለፋል ከተባለ ድሮ ምርጫው ሁለት ነበር፦ በሰዓቱ ቤት መገኘት፣ አለዚያ በድጋሚ እስኪቀርብ መጠበቅ። አሁን ያው ድራማ በጣቢያው የዩቲዩብ ገጽ ላይ ይጫናል። አንዱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ያየዋል፣ ሌላው በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሌላው ደግሞ ቅዳሜን ጠብቆ አራት ክፍል አከታትሎ ይጨርሰዋል። ሲታይ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ይመስላል። ከሰዓቱ ይልቅ ግን የከበደው ለውጥ የከፋዩ ነው። ምስሉን ከስቱዲዮ አንስቶ እስከ ሳሎን የማድረሱ ወጪ ቀስ በቀስ ከጣቢያው ወደ ተመልካቹ ኪስ ዞሯል። ይህ ሲገባን የዳታ ጥቅሉ ለምን በሦስት ቀን እንደሚያልቅ፣ ጎሉን ገና ሳናየው ለምን በጎረቤት ጩኸት እንደምንሰማ፣ ዲሹን ከጣሪያ ማውረድ ይሻል እንደሆነና እንዳልሆነ ራሳችን መወሰን እንችላለን።

በዚህ ጽሑፍ ጣቢያው ባወጣው ፕሮግራም መሠረት የሚታየውን «በሰዓቱ ማየት»፣ ስትሪሚንግ የሚባለውንና ተመልካቹ መርጦ የሚከፍተውን ደግሞ «በፈለጉት ሰዓት ማየት» እንለዋለን።

ዲሹ የሚሠራው እንዲህ ነው

የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ሲታይ የቆመ ይመስላል፤ ዲሹም አንዴ ከተስተካከለ በኋላ መንቀሳቀስ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ጣቢያው ምልክቱን ወደ ላይ ይልካል፣ ሳተላይቱ ተቀብሎ ሰፊ አካባቢ ላይ መልሶ ይረጨዋል። ጣቢያው የሚከፍለው ሳተላይቱ ላይ ለያዘው የሞገድ ቦታ ኪራይ ነው። አንድ ሺህ ሰው ቢያይም ኪራዩ ያው ነው፣ አሥር ሚሊዮን ቢያይም ያው ነው። ተመልካቹ ደግሞ አንድ ጊዜ ዲሽ፣ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ሆኖ ምልክቱን የሚቀበለው)፣ ገመድና ሪሲቨር ይገዛል። ከዚያ ወዲህ ነጻ ቻናሎችን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ቢያመሽ የመብራት ካልሆነ በቀር ሌላ ወጪ የለበትም።

የዲሽ ችግሮችም የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ናይልሳትን ለመያዝ ዲሹ ወደ ምዕራብ ይዞርና ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል፤ ሳተላይቱ ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነውና። ኢትዮሳት ሲጀመር 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ በመሆኑ ብዙ ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረ፣ ቀናነቱም ወደ 66 ዲግሪ ከፍ አለ። ይህ ለክረምት ደግ ነው፤ ዲሹ ሽቅብ ባየ ቁጥር ምልክቱ ዝናብ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ያጥራል። ዶፍ ሲጥል ግን ያም ቢሆን ይቋረጣል። ዝናብ በሌለበት ቀን ምስሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ከተቆራረጠ መጀመሪያ የሚፈተሸው ኤልኤንቢው ላይ የተጠመጠመው የገመዱ ጫፍ ነው። ውኃ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ያን ጫፍ ቆርጦ እንደገና ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሙሉ ገመድ መቀየር አያስፈልግም።

በፈለጉት ሰዓት ሲሆን

በኢንተርኔት የሚመጣው ቪዲዮ እንደ ዲሹ ለሁሉም አንዴ የሚረጭ አይደለም። ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ቅጂ ይላካል። አንድ ሺህ ሰው ያንኑ ክፍል በአንድ ሰዓት ቢያይ አንድ ሺህ ቅጂ በኔትወርኩ ላይ ይጓዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮው ሲጫን ከሁለት እስከ አሥር ሰከንድ ወደሚሆኑ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ በብዙ ጥራት ይዘጋጃል፦ በ144፣ በ240፣ በ360፣ በ480፣ በ720፣ በ1080። ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ አንዱን ቁራጭ ሲያወርድ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ይለካል። ፈጥኖ ከወረደ ቀጣዩን ከፍ ባለ ጥራት ይጠይቃል፣ ከዘገየ ዝቅ ያደርጋል። ምስሉ በመሀል ድንገት ደብዝዞ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚጠራው ለዚህ ነው። አፕል ይህን ስልት እ.ኤ.አ. በ2009 ይዞ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ከዚያ በፊት ባብዛኛው አንድ ጥራት ብቻ ይላክ ስለነበር ደካማ መስመር ያለው ሰው ከማየት ይልቅ ሲጠብቅ ያመሽ ነበር።

ትልልቆቹ አገልግሎቶች ቪዲዮውን ከአንድ ቦታ አይልኩም። ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ቅጂ በቴሌኮም ድርጅቶች ግቢ ውስጥ ባስቀመጡት ማከማቻ ያኖራሉ። ቅርብ ያለ ቅጂ ቶሎ ይደርሳል። ጥቂት ሰው ብቻ የሚፈልገው የቆየ ቪዲዮ ግን ከሩቅ መምጣት አለበት። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ውስጥ ገመድ ጋር የምትገናኘው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። አንዱ ተወዳጅ ድራማ ያለችግር እየታየ ከአሥር ዓመት በፊት የተጫነ ቃለ መጠይቅ በዚያው መስመር የሚንገታገት ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት ነው፣ ጥቅል የሚሸጠው ግን በጊጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋ ባይት ይበላል። ይህችን አንዲት ቁጥር መያዝ በቂ ነው፤ ሌላው ማባዛት ብቻ ነው።

ዩቲዩብ ላይ 360 ሲደረግ በሰዓት በግምት 300 ሜጋ ባይት ይሄዳል፣ 480 ሲሆን ግማሽ ጊጋ ገደማ፣ 720 ሲሆን ከ1 ጊጋ ትንሽ ከፍ ይላል፣ 1080 ሲሆን ከ1.5 እስከ 3 ጊጋ። ልዩነቱን የሚያመጣው ይዘቱ ነው። ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያወሩበት ቪዲዮ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ጥቂት ይወስዳል፤ እግር ኳስና ጭፈራ ብዙ ይወስዳሉ። ኔትፍሊክስ በበኩሉ በዝቅተኛው ጥራት በሰዓት እስከ 0.3 ጊጋ፣ በመካከለኛው እስከ 0.7፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋ እንደሚወስድ ይገልጻል።

አንድ ቤተሰብ በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢያይ በ720 ጥራት በወር 100 ጊጋ ገደማ ያስፈልገዋል። ያንኑ በ360 ቢያይ 27 ጊጋ ይበቃዋል። በስድስት ኢንች የስልክ መስታወት ላይ በ480 እና በ1080 መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ዓይንን ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ ሒሳቡ ላይ ግን ልዩነቱ ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ዩቲዩብ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የቪዲዮ ጥራት ምርጫን ለሞባይል ኔትወርክ «ዳታ ሴቨር» ማድረግ ነው። ቪዲዮው ላይ ብቻ ከተለወጠ ለዚያ ቪዲዮ ብቻ ይሠራና የሚቀጥለው ወደ ነበረበት ይመለሳል። «አውቶፕሌይ» የሚለውም ይጥፋ፤ ሰው ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ጥቅል የሚጨርሰው እሱ ነው።

ሌላው ዘዴ ማውረድ ነው። የሌሊት ጥቅል ርካሽ በሆነበት አገር የማግስቱን ክፍል ሌሊት በ360 አውርዶ ቀን ማየት ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ መስመሩም ሌሊት ስለሚለቅ ቶሎ ይወርዳል። መተግበሪያው ውስጥ የወረደ ቪዲዮ ግን የግል ንብረት አይሆንም። በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ ተገናኝቶ ፈቃዱን ካላደሰ ይቆለፋል። አንዳንዱ የኔትፍሊክስ ፊልም ማየት ከተጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜው ያልፋል። ለረጅም ጉዞ ብሎ ያወረደ ሰው ከመነሣቱ በፊት ፊልሙን ሳይጀምር መተግበሪያውን አንዴ ከፍቶ ያረጋግጥ።

ሲቆራረጥ ጥፋቱ የማን ነው?

«ኔትወርክ የለም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። መለያው ቀላል ነው። ምስሉም ድምፁም አብረው ቆመው መሀል ላይ ክብ ከተሽከረከረ ቁራጩ አልደረሰም ማለት ነው፤ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ድምፁ እየቀጠለ ምስሉ የሚንተባተብ ከሆነ ግን ቁራጩ ደርሷል፣ መፍታት ያቃተው ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ ነው። ቪዲዮ ለመላክ ተጨምቆ ይታሸጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264 የሚባለው አስተሻሸግ በሁሉም መሣሪያ ላይ ማለት ይቻላል ይፈታል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ 1 ግን ለራሱ የተሠራ ቺፕ ይፈልጋል። ያ ቺፕ የሌለው ስልክ ሥራውን በዋናው ፕሮሰሰር ስለሚሠራው ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ ምስሉም ይዘላል። እንዲህ ሲሆን ጥራቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ያድነዋል፤ ተጨማሪ ዳታ መግዛት ምንም አይጠቅመውም።

ዩቲዩብ ላይ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን የከፈተ ሰው ሁለቱን በቁጥር ያያቸዋል። «ባፈር ሄልዝ» ቀድሞ የተጠራቀመውን ቪዲዮ በሰከንድ ይነግራል፤ ወደ ዜሮ ከወረደ መስመሩ ነው። «ድሮፕድ ፍሬምስ» እየጨመረ ከሄደ መሣሪያው ነው።

መስመሩ ከሆነም ሁለት ቦታ አለ፦ ከቤት ውጭና ከቤት ውስጥ። የሞባይል ኔትወርክ ማማ አቅሙን በዙሪያው ላለው ሰው ሁሉ ያካፍላል። ቀን 8 ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት ማታ 3 ሰዓት ላይ ላይኖር ይችላል፤ ሁሉም ከሥራ ገብቶ ስልኩን የሚከፍተው ያኔ ነውና። መለካት ያለበት በሚታይበት ሰዓት ነው። ለ720 ጥራት በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት፣ ለ1080 ደግሞ 5 ሜጋ ቢት ሳይዋዥቅ ከመጣ ይበቃል። አንዴ 20 አንዴ ዜሮ ከሚል መስመር ዘወትር 4 የሚል ይሻላል።

ቤት ውስጥ ያለው ጥፋት በአብዛኛው የዋይፋይ ነው። ሳጥኑ ቡፌ ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቆ ይቀመጣል፤ የኮንክሪት ግድግዳና የቆርቆሮ ክፍልፋይ ምልክቱን ይውጡታል። ከፍ ያለና ገላጣ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ አያስወጣም። ሳጥኑ ሁለት ዓይነት ሞገድ ካለው ቴሌቪዥኑ በዚያው ክፍል ከሆነ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚለው ይመረጥ፤ ከግድግዳ ጀርባ ከሆነ ደግሞ 2.4 የሚለው፣ ቢዘገይም ሩቅ ይሄዳል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከሳጥኑ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚዘረጋ የኔትወርክ ገመድ ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ባትሪ እያለው ዋይፋዩ አብሮ የሚሞትባቸው ቤቶች ለሳጥኑ ብቻ የሚሆን አነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ ቢያኖሩ ችግሩ ይቀላል።

ጎሉ ለምን ዘገየ?

ሳተላይት ላይ ምልክቱ ወጥቶ እስኪወርድ የሚፈጀው ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ማሸጉና መፍታቱ ጥቂት ሰከንድ ይጨምርበታል። በኢንተርኔት ቀጥታ ሲተላለፍ ግን መጀመሪያ ቁራጩ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ከዚያ በየጥራቱ ይዘጋጃል፣ ተመልካቹም ዘንድ ማሳየት የሚጀምረው ሦስት ያህል ቁራጭ ተጠራቅሞ ነው። እያንዳንዱ 6 ሰከንድ ከሆነ ጥርቃሞው ብቻ 18 ሰከንድ ነው፤ በድምሩ ግማሽ ደቂቃ መዘግየት የተለመደ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ጮኾ ከጨረሰ በኋላ ስልኩ ላይ ኳሷ ገና መሀል ሜዳ የምትሆነው ለዚህ ነው። ጥርቃሞውን አሳንሶ መዘግየቱን ወደ ጥቂት ሰከንድ የሚያወርድ ስልት አለ፤ ዋጋው ደግሞ መስመሩ ትንሽ ሲደናቀፍ ወዲያው መቆሙ ነው።

እኛ የምናምነው እግር ኳስ፣ ሰበር ዜናና የበዓል ቀጥታ ስርጭት ዲሽ ላይ ቢቀሩ ይሻላል ብለን ነው። ሚሊዮኖች አንድን ነገር በአንድ ደቂቃ ሲፈልጉ አንዴ ረጭቶ ለሁሉም ማዳረስን የሚያህል ርካሽ መንገድ አልተገኘም። አስተማማኝነቱም አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ በዩቲዩብ ብቻ የሚያይ ቤት ባዶ ማያ ቀርቶለት ነበር፤ የሳተላይት ምልክት ግን በኢንተርኔት መስመር አይመጣም።

ሪሲቨሩ ያለው የተዘነጋ ችሎታ

ብዙ ሰው በፈለገው ሰዓት ለማየት ዳታ የግድ ይመስለዋል። ከብዙዎቹ ሪሲቨሮች ፊት ወይም ጀርባ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ግን ስርጭቱን ወደ ፍላሽ መቅዳት ይችላል። ሪሞቱ ላይ ቀይ ነጥብ ወይም «ሬክ» የሚል ቁልፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ችሎታው አለው። አንድ መደበኛ ጥራት ያለው ቻናል በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት ቢይዝ በሰዓት 1.35 ጊጋ ይሆናል፤ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ከ20 ሰዓት በላይ ይይዛል። ሰዓት ሞልቶ ለብቻው እንዲቀዳ ማዘዝም ይቻላል፤ የሪሲቨሩ ሰዓት ትክክል መሆኑን ግን ቀድሞ ማረጋገጥ ነው፣ አለዚያ ድራማው ቀርቶ ማስታወቂያ ይቀዳል። ፍላሹ ዘገምተኛ ከሆነ ቅጂው ይቆራረጣል። ሪሲቨሩ ምልክት የሚቀበለው በአንድ በር ብቻ ስለሆነ እየቀዳ ሳለ ወደ ማንኛውም ቻናል መቀየር አያስችልም፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ላይ ያሉት ብቻ ይከፈታሉ። ለዚህ ሁሉ አንድም ሜጋ ባይት አይወጣም።

ከአገር ውጭ ላለው

ለውጡ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ርቆ ለሚኖረው ነው። የአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ለዋሽንግተን እንደ ወቅቱ እኩለ ቀን ወይም 7 ሰዓት ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዜናውን በሰዓቱ ሊያይ አይችልም። ሪያድ ያለችው ደግሞ ሰዓቷ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ቢሆንም ሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ ለራሷ የምትሆነው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ለእነዚህ በፈለጉት ሰዓት ማየት ቅንጦት አይደለም፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ይህ ግን የገንዘቡንም አቅጣጫ ቀይሯል። ዩቲዩብ በረጅም ቪዲዮ ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 ከመቶውን ለቪዲዮው ባለቤት ይሰጣል፤ ማስታወቂያው የሚያወጣው ዋጋ ግን ተመልካቹ ባለበት አገር ይወሰናል። ያው ድራማ ሜሪላንድ ላይ ሲታይ ደሴ ላይ ከሚታየው በእጅጉ የበለጠ ያስገኛል። አዘጋጁም ማንን እያሰበ እንደሚሠራ መገመት አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ደግሞ ዩቲዩብ ቪዲዮን ወደፊት የሚገፋው ስንት ጊዜ ተከፈተ ከሚለው ይልቅ ስንት ደቂቃ ታየ በሚለው ነው። የአርባ ደቂቃ ጨዋታ በመግቢያና በልመና ወደ አንድ ሰዓት የሚለጠጠው፣ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ የሚደበቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ተመልካቹ ይህን ሲያውቅ ወደፊት አሳልፎ ለማየት አይሰቀቅም።

የባለቤትነት ነገርም አለ። የሌላውን ድራማ ቆርጦ የሚጭን ገጽ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ከተቆጠረበት ሊዘጋ ይችላል፤ ሲዘጋ በላዩ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ድራማን ከዋናው ጣቢያ ገጽ ማየት ለሠሩት ሰዎች ገቢ ነው፣ ለተመልካቹም ክፍል 14 ላይ ደርሶ ገጹ ጠፍቶ እንዳያገኘው ዋስትና ነው።

ሌላው ዓለም ምን ላይ ነው?

አሜሪካ ውስጥ የቴሌቪዥን ተመልካችን የሚለካው ኒልሰን በሚያወጣው ልኬት መሠረት ስትሪሚንግ ኬብልን ለመጀመሪያ ጊዜ የበለጠው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ነው፤ በግንቦት 2025 ደግሞ ከጠቅላላው ቴሌቪዥን የማየት ጊዜ 44.8 ከመቶ ይዞ ኬብልና መደበኛ ስርጭት ተደምረው ከያዙት 44.2 ከመቶ አለፈ። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ኢንተርኔት ባብዛኛው በወር አንዴ ተከፍሎ በጊጋ የማይቆጠር ነው። በጊጋ እየተመዘነ በሚገዛበት አገር ግን ያው ልማድ ሲወሰድ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል፤ የእነሱን ፍጥነት አይቶ ዲሽ ለማውረድ መቸኮል አያዋጣም።

አዲስ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰውም አንድ ነገር ያስብ። ስማርት ቴሌቪዥን ፓነሉ አሥር ዓመት ቢሠራም ውስጡ ያሉት መተግበሪያዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ መታደስ ያቆማሉ፤ ያኔ ዩቲዩቡ አልከፈት ይላል። ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም። በኤችዲኤምአይ የሚሰካ አነስተኛ ሳጥን ገዝቶ ማገናኘት ይበቃል፤ ሪሲቨሩም በሌላኛው ቀዳዳ እንደተሰካ ይቆያል፣ ሪሞቱ ላይ «ሶርስ» የሚለውን እየተጫኑ ከአንዱ ወደ አንዱ መሄድ ነው።